የመዲናው ወይንና የሾፌሩ ወይን

ዛሬ ሚኤሶ ላይ፣ በሰው ዳስ ጥላ ሥር ተቀምጬ፣ በሰው ብርጭቆ ሻይ እየጠጣሁ፣ ከራሴ በላይ የተንዠረገገውን የሰው ወይን ቀና ብዬ አየሁና «ይሄ እኮ የእኔ ነው» አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ጆሮዬ ከከዳኝ ወዲህ ድምፄን መመጠን አቅቶኛል፤ ያንሾካሾክሁ እየመሰለኝ ሰፈር እጠራለሁ። ሻይ የሚጠጣው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ባለቤቲቱም ማንቆርቆሪያዋን እንደያዘች ባለችበት ቆመች።

የተናገርኩት እውነት ነበር፤ ይሄ ነው ነገሩን ያባሰው። ውሸት ቢሆን ኖሮ ስቀውበት ያልፉት ነበር። እኔ ግን ልለምን ሄጄ ባለቤት ነኝ አልኩ። በዚህ ዕድሜዬ እንኳ ለማኝ መጀመሪያ እጁን እንጂ አፉን እንደማይዘረጋ አላወቅሁም።

ነገሩ እንዲገባችሁ ወደ ኋላ ልመለስ። ወደ ኋላ መመለስ ድሮም አይሆንልኝም ነበር፤ ተሳቢ እየነዳሁ ስንት አጥር እንደጣልኩ የጭሮ ሰው ይመስክር።

ሾፌር ነበርኩ። ዕድሜዬን የጨረስኩት ከአዲስ አበባ ሐረር ባለው መንገድ ላይ ነው። አሁን የቀረኝ ተሽከርካሪ ከዘራዬ ነው፣ እሱም ወደ ግራ ይስባል። በጉብዝናዬ ጊዜ ድሬዳዋ ጭነት አራግፌ ወረፋ ስጠብቅ፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም በማይርቅ ግቢ ውስጥ አንዲት ባልቴት ሁለት የወይን ሐረግ ነበራቸው፤ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ነጭ። ጥቁሩን ሁሉም ሰው ይወደዋል። ነጩን እሳቸው ራሳቸው «ያ ነጩ» እያሉ ነበር የሚጠሩት፤ ሌላ ስም አላወጡለትም። እኔ ደግሞ ሰው የተወውን ነገር ማንሳት ልማዴ ነው። ዘለላውን በልቼ ስጨርስ «እማማ፣ ከዚህ ቁራጭ ይስጡኝ» አልኳቸው። እንጨቱን ቆርጠው ሰጡኝ። በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ ከመቀመጫዬ ሥር አስገባሁና ጭሮ ይዤው ገባሁ። ባለቤቴ ገና አዲስ ሙሽራ ነበረች። ከድሬዳዋ የሚመለስ ባል ሽቶ ወይም ጨርቅ ያመጣል ብላ ስትጠብቅ እንጨት ሰጠኋት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ወይን ነው።»

«ወይኑ የታለ?»

«ይመጣል።»

እውነትም መጣ። ግን የጭሮ ብርድ አስኮረፈው። ድሬዳዋ ላይ ማር የነበረው ፍሬ፣ እኛ ጓሮ ቆዳው ወፍሮ፣ አረንጓዴነቱን ሳይለቅ፣ ጎምዝዞ ቀረ። አንድ ዓመት ጠመቅሁትና ለባለቤቴ አቀመስኳት። «ይሄን ለመኪናህ ባትሪ ብታደርገው ይነሣልሃል» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ጠጁን ለባለሙያዎቹ ተውኩ። እሷ ግን ፍሬውን በሰፌድ እያደረገች ቆርቆሮ ላይ ታሰጣው ጀመር። በጉም አገር ዘቢብ ማድረቅ ቀልድ አይደለም፤ ጠዋት ታወጣለች፣ ደመና ሲመጣ ትሮጣለች፣ ታስገባለች፣ ፀሐይ ብቅ ሲል ደግሞ ታወጣለች። መጨረሻ ላይ የሚወጣው ትንሽ፣ ቡናማ፣ የተቆላ ነገር የሚመስል ፍሬ ነው። ሰፈሩ «የሾፌሩ ወይን» አለው። ስም እንደማውጣት ያለ ነገር የለም፤ ያጠጣችው እሷ፣ ያደረቀችው እሷ፣ ስሙ የእኔ።

ዘቢቡ ለገበያ አልነበረም። ልጃችን ሕፃን ሳለ ታሞብን ከሞት አፋፍ ደርሶ ነበር። ያኔ ባለቤቴ ተሳለች፤ ልጇ ከተረፈ በየዓመቱ ለደብራችን ንግሥ፣ ለቁርባን የሚሆነውን የዘቢብ መገበሪያ ከዚህ ከጓሮዋ ሐረግ ልታቀርብ። ልጁ ተረፈ። እሷም አንድ ዓመት አላጎደለችም። ዲያቆኑ ገና በሩቅ ሲያያት «የጓሮው መጣ» ይላል። እሷም ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አድርጋ «ከጓሮዬ ነው» ትላለች። ከዓመት ዓመት የምትኮራባት አንዲት ቃል ይህቺ ነበረች።

በሾፌርነቴ ከዚያ ሐረግ እንጨት እየቆረጥኩ ለወዳጅ እሰጥ ነበር። አንዱን በደሳ ከተማ ቡና ለሚሰበስብ ጓደኛዬ ሰጠሁት፤ እሱ በቡና ጥላ መሀል ተከለው። ፀሐይ አያገኝም፣ ስለዚህ አይበስልም። ቤተሰቡ ደግሞ የማይበስል ዓይነት ነው ብለው ተቀበሉት፤ አረንጓዴውን ቆርጠው በጨውና በሚጥሚጣ ይበሉታል፤ «ወይኒ አዲ» ይሉታል፤ ነጭ ወይን ማለት ነው በኦሮምኛ፤ ከአያት ከቅድመ አያት የነበረ ነው ብለውም ይከራከራሉ። እኔ «በመኪናዬ ነው ያመጣሁት» ስል ልጆቹ «እሺ አባባ» እያሉ ጨው ያቀብሉኛል። ሌላውን ሚኤሶ ሻይ ቤት ለነበረው ሰው ሰጠሁት፤ ሞተሬ እስኪበርድ ድረስ የማርፍበት ቤት ነበር። እዚያ ደግሞ ቆላው ገረፈውና እንደ ድሬዳዋው ሆነ፤ ቆዳው ስስ፣ ቀለሙ ቢጫ፣ ጣፋጭ። አራት ከተማ፣ ሦስት ስም፣ ሦስት ጣዕም፤ እንጨቱ አንድ። ይሄን የሚያውቅ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ ብዬ አስብ ነበር። ሾፌር መንገዱን ብቻዬን አውቃለሁ ብሎ ሲያስብ ነው ገደል የሚገባው።

የበደሳው ጓደኛዬ በቅርቡ ሞተ። ከባለቤቴ ጋር ለቅሶ ሄደን ቆየን። ጓሮውን ሳይ ወይኑ የለም፤ ልጆቹ ነቅለው ጫት ተክለውበታል። አልፈረድኩባቸውም፤ በእኛ አገር ጫት የማይነቅለው ነገር የለም። ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ባለቤቴ «ደግነቱ የእኛ አለ» አለችኝ።

ጭሮ ደርሰን የግቢያችንን በር ስንከፍት፣ ግቢው ነጭ ነው። ያብረቀርቃል።

ልጃችን አዳማ ነው የሚኖረው። ያ የተሳለችለት። እኛ በደሳ ሳለን መጥቶ ሊያስደስተን አስቦ፣ ግንበኛ ቀጥሮ፣ ጓሮውን በሙሉ ሊሾ አስደርጎ፣ ጥግ ላይ የሚከራዩ ክፍሎች አስጀምሯል። ወይኑን ከሥሩ አስቆርጦ ሲሚንቶ አፍስሶበታል። ቅርንጫፉን ጎረቤት ለማገዶ ወስዶታል። ልጄ እጁ በሲሚንቶ እንደተለወሰ፣ ፊቱ ሁሉ ጥርስ ሆኖ ቆሟል።

«አባዬ፣ ከእንግዲህ ጭቃ የለም! እማዬ፣ ቅጠል መጥረግ ቀረልሽ! ኪራዩም የእናንተ ነው።»

ባለቤቴ ዞር ዞር ብላ አየች። «እጅህ ይባረክ» አለችው። ወደ ቤት ገባችና አልጋው ጫፍ ላይ ነጠላዋን ሳታወልቅ ተቀመጠች።

«እማዬ ደከማት እንዴ?» አለኝ ልጄ።

«አዎ፣ መንገዱ ነው» አልኩት። መንገዱ ላይ ማሳበብ ለምጃለሁ።

ስለቱን አልነገረችውም። ከጎረቤት ማገዶ መሀል አንዲት እንጨት መዝዛ በቀለም ጣሳ ተከለች፤ ደርቃ የከረመች ነበረችና አልጸደቀችላትም። ንግሡ እየቀረበ ሲመጣ የነፍስ አባታችን ሊያጽናኗት መጡ።

«ልጄ፣ ዘቢብ ዘቢብ ነው፤ ከሱቅ ገዝተሽ አቅርቢ።»

«አባቴ፣ ለእርስዎ ነው እንዴ የተሳልኩት?» አለቻቸው። ሳቅ ይዟቸው ባረኳትና ሄዱ።

ልጁ ደግሞ እናቱ ስለ ዘቢብ ማውራቷን ከእኔ ሰምቶ ከአዳማ ላከ፤ በሚያብረቀርቅ ከረጢት፣ ከባሕር ማዶ የመጣ፣ ውስጡ ፍሬ የሌለው። ከፍታ አላየችውም። መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው።

«ንገሪው እንጂ» አልኳት።

«ምን ብዬ? አንተ የኖርከው በቆረጥከው እንጨት ነው ልበለው? ዕድሜ ልኩን ሲሚንቶ ባየ ቁጥር እንዲሳቀቅ?»

እንግዲህ ዛሬ ጠዋት ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። «የሚኤሶው እኮ የእኛው እንጨት ነው» አልኳት። «ከዚያ ዘቢብ ላምጣልሽ።»

«ሂድ» አለች። «ግን የእኛ እንጨት መሆኑን ከሻይ ቤቱ ሴትዮ አፍ ሰምተህ ና።»

«እኔ ነኝ የሰጠኋቸው እያልኩሽ!»

«አንተ ናፍጣ ሞልቻለሁ እያልክ ስንቴ በረሃ ላይ ቆመሃል? ከእሷ አፍ ስማ።»

ሚኒባሱ ቁልቁል ሲወርድ ሙቀቱ በመስኮት ገባ። ሚኤሶ ስደርስ ሻይ ቤቱ እንደ ጥንቱ ከመንገዱ ዳር አለ፤ ከባድ መኪናዎቹ ፊቱ ቆመዋል፤ ዳሱ ግን ሰፍቶ ግማሽ ግቢውን ሸፍኗል። ሰውዬው ከሞተ ቆይቷል። ሚስቱ፣ አሁን ጠና ያለች ሴት፣ ቤቱን ይዛለች። አላወቀችኝም መሰለኝ፤ «አሰላሙ አለይኩም አባ፣ አረፍ ይበሉ» ብላ ሻይ አቀረበችልኝ። ነገሬን ቀስ ብዬ ልጀምር፣ ጉሮሮዬን ልጠርግ ስል፣ ከጎኔ የተቀመጠ የጫት ደላላ ለአንድ መንገደኛ ዘለላ እያሳየ ሲያወራ ሰማሁ። ይሄ ደላላ ቅጠል ቀምሶ የጫቱን ቀበሌ የሚናገር ነው ይባላል፤ ራሱም ይለዋል።

«ቅመስ፣ ቅመስ። ይሄ እንደሌላው ወይን አይደለም። የመዲና ወይን ነው። የዚህ ቤት ሐጂ፣ አላህ ይዘንላቸው፣ ከሐጅ ሲመለሱ በእጃቸው ያመጡት ነው። በረካ አለው። ሰው ከአሰቦት ድረስ እየመጣ ይወስዳል።»

ሰውዬው ሐጅ? ያ ሰው ከሚኤሶ ወጣ ቢል እንኳ አዋሽን ተሻግሮ አያውቅም። አፌ ተከፈተ። ቀሪውን መጀመሪያ ላይ ነግሬያችኋለሁ።

«ምን አሉ እርስዎ?» አለች ሴትዮዋ፣ ማንቆርቆሪያዋን እንደያዘች።

እዚያ ላይ ዝም ብል ጥሩ ነበር። «የእኔ ነው፤ ከጭሮ ነው የመጣው» አልኩ ደግሜ።

ደላላው ሳቀ። «ጋሼ፣ ጭሮ ላይ ወይን ይበቅላል እንዴ? ጭሮ ላይ እኮ ሰውም በጃኬት ነው የሚበቅለው!»

ሁሉም ሳቀ። ሴትዮዋ አልሳቀችም። ማንቆርቆሪያዋን አስቀመጠችና «አንተ ሽማግሌ፣ ና እስቲ ወደዚህ» አለችኝ። እርስዎነቴ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ አለቀ። ተከትያት ወጥ ቤት ገባሁ። በሩን ገርበብ አደረገችው።

«ናፍጣ ይሸት ነበር» አለችኝ።

«ምኑ?»

«ጆንያህ። እንጨቱን ጠቅልለህ ያመጣህበት። በአመድ አጥቤ፣ አስጥቼ፣ ማሽላ ከትቼበታለሁ። ማን እንዳመጣው የማላውቅ መሰለህ? ስትገባ ነው ያወቅሁህ፤ ጆሮህ እንደሆነ ድሮም ትልቅ ነው።»

ደስታዬ ለመናገር ይከብዳል። ባለቤቴ የጠየቀችኝን ከራሷ አፍ ሰማሁ። «ታዲያ ይሄን ለምን ውጭ አትናገሪም?» አልኳት።

«ታዲያ የለም!» አለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር፣ እኔ ግን በደንብ ሰማሁ። «ሰውዬው ሐጅ ሳይሄድ ነው የሞተው። ዕድሜውን ሙሉ ነው ያጠራቀመው። ያንን ክፉ ድርቅ ታስታውሳለህ፤ ከብቶቹ አለቁ፣ ያጠራቀመው ውኃ መግዣ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ነው ወይኑ ከመዲና ነው ማለት የጀመረው። መጀመሪያ ለልጅ ሲያጫውት ነው ያለው። ሰው አመነው። ሐጂ አሉት። እሱም ዝም አለ። ሲሞት በሐጂነቱ ነው የቀበሩት፤ ዛሬም ዱዓ የሚያደርግለት ሰው ሁሉ ለሐጂው ነው የሚያደርገው። አንተ በአንድ ብርጭቆ ሻይ ልትሽረው ነው የመጣኸው?»

ስለ ባለቤቴ ነገርኳት። ስለ ስለቱ፣ ስለ ልጁ፣ ስለ ሊሾው። ስጨርስ ግንባሯን በሻሿ ጠረገች።

«ነዝር ነው በለኛ» አለች፤ ስለት ማለቷ ነው። «እኔ ደግሞ ሾፌር ነህ ብዬ፣ ለመጠጥ ልታደርገው መስሎኝ ነበር። ለመጠጥ ቢሆን አንድ ፍሬ አታገኝም ነበር።»

«ለቤተ ክርስቲያን ነው።»

«ነገርከኝ። አትድገመው። ነዝር ነው ብያለሁ፤ ሌላውን አልሰማሁም።» ከማገሩ ላይ የተንጠለጠለ ቅርጫት አወረደች። ዘቢቡ ቢጫ ነው፤ ወፍራም፤ ሲያዩት ብርሃን የሚያሳልፍ። ለረመዷን ማፍጠሪያ የምትዘፈዝፈው ነበር። በሻሿ ጫፍ ሳይሆን በንጹሕ ጨርቅ ቋጥራ ሰጠችኝ። ገንዘብ ሳወጣ እጄን መታችው። «ለነዝር አልሸጥም። የሐረጉም ቅጠል ሲረግፍ ና፣ ቆርጠህ ትተክላለህ።»

«የት? የቀረኝ አፈር ጫማዬ ላይ ያለው ነው።»

ፈገግ ያለች መስሎኝ ነበር። ወዲያው ግን በሩን አሳየችኝ። «አሁን ውጣና ያልከውን መልስ። በሁሉም ፊት።»

ወጣሁ። በሕይወቴ ሾፌር ሆኜ ተከስሻለሁ፣ ተቀጥቻለሁ፣ ለትራፊክ ፖሊስ እጅ ነሥቻለሁ። እንደ ዛሬው ያለ ግን አላደረግሁም። እውነቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በተረጋገጠልኝ ቅጽበት፣ ጨርቁን በብብቴ ሸጉጬ፣ ልክደው ቆምኩ።

«ይቅርታ አድርጉልኝ» አልኩ። «ዓይኔ ነው። የእኔ ሌላ ነው። የእኔ ጎምዛዛ ነው፣ አረንጓዴ፣ ቆዳው እንደ ጎማ። ይሄ የመዲና ነው። ቅጠሉም ያስታውቃል።»

«ምኑ ያስታውቃል?» አለ ደላላው።

አላሰብኩበትም ነበር። «ጠርዙ» አልኩ።

ደላላው ቀና ብሎ አንድ ቅጠል በጠሰ። ገለባበጠው። ወደ አፉ ከተተና እንደ ጫት አላመጠው። ሰዎቹ ፍርዱን ይጠብቃሉ፤ እኔም በበኩሌ እጠብቃለሁ። ዓይኑን ጨፍኖ ቆየና «እውነት ነው» አለ። «ይሄ የእኛ አገር ቅጠል አይደለም። ባሕር የተሻገረ ነው።»

እፎይ አልኩ። ዕውቀት በሰው ሲመሰከር ደስ ይላል። ሴትዮዋ ፊቷን ወደ ምድጃው አዞረች፤ ትከሻዋ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፤ በሳቅ ይሁን በሌላ አላየሁም።

ደላላው ግን ቅጠሉን ውጦ አልተወኝም። «የእርስዎንም ልቅመሰው ጋሼ። የጭሮውን። አንድ እንጨት ያምጡልኝ፣ እዚሁ ከመዲናው አጠገብ እንትከለውና ሰው ይይ። ያኔ ማንም ተነሥቶ የእኔ ነው አይልም።»

«እሺ፣ አመጣለሁ።»

«ከልብ ነው?»

«በእግዚአብሔር!» አልኩ። ጆሮዬ ካልዋሸኝ ሴትዮዋ ወደ ምድጃው እንደዞረች «ያ ረቢ» አለች።

ወደ ጭሮ የምትወጣ ሚኒባስ አግኝቼ ተሳፈርኩ። ረዳቱ «አባባ፣ ብብትዎ ውስጥ ምንድን ነው?» አለኝ። «መድኃኒት» አልኩት። ዛሬ ውሸቱ አንዴ ተጀምሮ አልቆም ብሎኛል።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ሊሾው ላይ በርጩማ አድርጋ ተቀምጣለች፤ ሙቀቱ ከሲሚንቶው ገና አልወጣም። ጨርቁን ጉልበቷ ላይ አስቀመጥኩላት። ፈታችው። ሳትነካው ትንሽ አየችው።

«ይሄ ቢጫ ነው።»

«ቆላ ነው፤ ፀሐዩ ነው ቢጫ ያደረገው።»

«የእኛ እንጨት ነው አለች?»

«አለች። ጆንያዬን አጥባዋለች። ናፍጣ ይሸት ነበር አለችኝ።»

ይሄ ገብቷት ራሷን ነቀነቀች። ናፍጣዬን ማንም ሴት አይረሳውም። «በሰው ፊት አለች?»

«ወጥ ቤት ውስጥ።»

«በሰው ፊትስ?»

«በሰው ፊት አይደለም ተባለ።»

«ማን አለ?»

«እኔ።»

ሙሉውን ነገርኳት፣ ሰውዬውን፣ ሐጁን፣ ደላላውን። ስትሰማ ቆየች። «እኔ የላክሁህ ልታስመሰክር ነበር» አለች በመጨረሻ። «አንተ ክደህ መጣህ።» ቁጣ አልነበረበትም፤ የደከመ ሰው ድምፅ ነው። «ይሁን። ሞቶም ባሏ ነው።»

ከዘቢቡ አንዷን አንስታ አፏ ውስጥ አደረገች። ቀስ ብላ አላመጠች። የማውቀው ፊቷ ነው፤ ለዚህ ሁሉ ዓመት ያየሁት፤ ግን ምን እያሰበች እንደነበር ማወቅ አቃተኝ።

«ጣፋጭ ነው» አለች።

«አላልኩሽም?»

«የእኛ አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ጣፍጦ አያውቅም።» ፍሬዋን ዋጥ አድርጋ «እዚያ ተመችቶት ነበር ማለት ነው» አለች።

ስለ ብርድና ስለ ሙቀት፣ ስለ አፈርና ስለ ጉም ላስረዳት አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ዘጋሁት። ያ ሁሉ ሰፌድ ይዛ የሮጠችበት ዓመት ፊቴ ላይ መጣብኝ። ከደመና ጋር ስትሽቀዳደም የኖረችው ለእዚያች ለጎመዘዘች ቡናማ ፍሬ ነበር፤ ያው እንጨት ደግሞ ከእኛ ሲርቅ፣ ማንም ሳይሮጥለት፣ እንዲህ ይሆን ኖሯል።

ሰፌድ አምጥታ መልቀም ጀመረች፤ የተሰነጠቀውን ለብቻ፣ ደህናውን ለብቻ። እኔም ላግዛት እጄን ስዘረጋ «እጅህን ታጠብ» አለችኝ። ታጥቤ ስመለስ ስልኳ ጮኸ። ልጃችን ነው። ድምፁን ከፍ አድርጋው ስለምታወራ እኔም እሰማለሁ።

«እማዬ! ተከራይ አገኘሁላችሁ፤ አስተማሪ ነው፣ ጨዋ ልጅ። ዘቢቡስ ለንግሡ ሆነልሽ?»

እጇ ሰፌዱ ላይ ቆመ። መደርደሪያው ላይ ያለችውን የምታብረቀርቅ ከረጢት እኔም አየኋት፣ እሷም አየቻት።

«ሆነልኝ የኔ ጌታ» አለችው። «እየለቀምኩት ነው። በጣም ጣፋጭ ነው።»

«አየሽ! ነግሬሽ አልነበር? ዋናው ጥራቱ ነው።»

«እውነትህን ነው። እደግልኝ።»

ስልኩን ዘግታ መልቀሟን ቀጠለች። ድሬዳዋ «ነጩ»፣ በደሳ «ወይኒ አዲ»፣ ሚኤሶ «የመዲና» የተባለው እንጨት፣ እኔ ቤት ሲገባ ደግሞ የአዳማ ሱቅ ዘቢብ ተባለ። ሁሉም የየራሱን ሰው ያስደስታል። «የሾፌሩ ወይን» የሚለው ስም ብቻ ነው ዛሬ ማንም ሳይፈልገው ያደረው።

«ለዲያቆኑ ምን ትይዋለሽ?» አልኳት።

«ምንም። እሰጠዋለሁ።»

«ከጓሮ ነው አትይውም?»

ከሊሾው ላይ አንዲት የወደቀች ፍሬ አነሣች፣ አራገፈቻትና ከተሰነጠቁት ጋር አደረገቻት። «የቱ ጓሮ?» አለችኝ።

ስለቷ ግን ደረሰ፤ በንግሡ ዕለት ይገባል። ከእሷ ትከሻ ወረደ። የእኔ ነው ገና የጀመረው። ደላላው ስልክ ቁጥሬን አስመዝግቦ ነው የለቀቀኝ፤ አሁን ይህን ስጽፍ እንኳ ደውሎ «ጋሼ፣ እንጨቷን እንዳይረሱ» ብሎኛል። አይረሳኝም። ሌላ ወይን የለኝም፤ የነበረኝም ሲሚንቶ ሥር ነው፤ ቢኖርም ያው የእነሱው እንጨት ነው። ከሴትዮዋ ሐረግ በስተጓሮ ቆርጬ፣ በፊት በር ገብቼ፣ ከጭሮ ያመጣሁት ነው ብዬ ካልሰጠሁት በቀር መክፈያ አላገኘሁም። ያም ቢሆን ሚኤሶ ላይ በቅሎ ሲጣፍጥበት ምን እንደምለው አላውቅም። እስከዚያው ለአንድ የጫት ደላላ አንድ ጎምዛዛ የወይን እንጨት አለብኝ።